መንገዱ የማን ነው?



መንገድ ሲሠራ ለገበሬው ገበያ፣ ለሕመምተኛው ሐኪም ቤት ነው ይባላል። ጦርነት ሲመጣ ግን ቀድሞ የሚያልፍበት ታንክ ነው። ይህም የኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። በዚሁ በምንማርበት በመካከለኛው ምሥራቅ የሒጃዝ የባቡር ሐዲድ ከደማስቆ ተነሥቶ መዲና የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1908 ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ለሐጅ ተጓዦች ነው ተብሎ ከብዙ አገር ሙስሊሞች መዋጮ ተሰበሰበለት። የኦቶማን መንግሥት ግን ወታደሩንና ስንቁን ጫነበት። በመሆኑም በ1916 የተነሡት የዓረብ ዐማፅያን ሐዲዱን በድማሚት ይቆራርጡት ጀመር። መዋጮውን የከፈለው ምእመን ነው፤ ከደማስቆ መዲና የሚያደርስ ባቡር ግን ዛሬም የለም።

ወደ አገራችን ስንመለስም መንገድ ጌታ እንደማያውቅ እናያለን። የደሴ መንገድ በ1936 የባዶልዮን የካሚዮን ሰልፍ አዲስ አበባ አስገባ። ፋሺስቶች ከሞቃዲሾ ወደ ጅጅጋ ያሠሩት መንገድ ደግሞ በ1941 እነሱኑ ለሚያባርረው የእንግሊዝ ጦር መፍጠኛ ሆነ። በ1977 በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የጅቡቲ ባቡር ድልድዮች ፈርሰው ጉዞው ለወራት ተቋረጠ። በ2021 የተከዜ ድልድይ ሲፈርስ ወደ ሽሬ የሚሄደው እርዳታ መንገድ አጣ።

«ጠላት የሚሻገርበት ድልድይ ቢመታ ምን ይገርማል?» የሚሉ አሉ። የ1977ቱ የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ ኢትዮጵያም በ1994 የተቀበለችው፣ ለውጊያ የሚያገለግልን ንብረት መምታት አይከለክልም። ነገር ግን በሲቪሉ ሕዝብ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከሚጠበቀው ወታደራዊ ጥቅም አንጻር ከመጠን እንዳያልፍ ያዛል። እንግዲህ ጉዳቱን የሚቆጥረው ማነው? በፍንዳታው የሞቱት ብቻ ከተቆጠሩ ሚዛኑ ሐሰተኛ ነው። ምጥ ጠንቶባት ኦፕራሲዮን የሚያስፈልጋት እናት ሆስፒታል ሳትደርስ ትቀራለች፤ የስኳር ሕመምተኛው ኢንሱሊን ያልቅበታል፤ ክትባቱ በረዶ አጥቶ ይበላሻል። እነዚህ ከሳምንታት በኋላ በየቤታቸው ሲሞቱ የሞታቸው ምክንያት ድልድዩ ነው ብሎ የሚመዘግብ የለም። ሠራዊት ጊዜያዊ ድልድይ ይዘረጋል፣ ሄሊኮፕተርም አለው፤ ሰፊው ሕዝብ ያለው ያው አንዱ ድልድይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገሮችን በግልጽ ሊጠይቅ ይገባል። አንደኛ፣ ጥይትና ወታደር ከእህልና ከመድኃኒት ጋር በአንድ ባቡር ወይም በአንድ የመኪና ሰልፍ አይጫን። ሁለተኛ፣ በማናቸውም የተኩስ ማቆም ድርድር የመንገዶችና የድልድዮች መከፈት ከሆስፒታሎች እኩል ይነሣ። ሦስተኛ፣ ድልድይ ያፈረሰ ወገን በዚያ ምክንያት ለቀሩት ሕሙማን ጭምር መልስ ይስጥ፤ ያፈረሰው እኛ የምንደግፈው ወገን ቢሆንም እንኳ።