የሰይቼንቶዋ እሳት

ከማዘጋጃ ቤት እስከ አራዳ ጊዮርጊስ መኪና የገፋ ሰው የእሳትን ነገር በቀላሉ አያየውም። እኔ ባለፈው ቅዳሜ ገፍቻለሁ። መኪናዪቱ የአንድ ጸሐፊ ወዳጄ አሮጌ ፊያት 600፥ ማለት ሰይቼንቶ ናት።

በኢጣልያ ካርሎ አባርት በፈረንጆች 1950ዎቹ ይህችኑ መኪና ለእሽቅድምድም አሰናድቶ ስም አውጥቶባታል። ወዳጄም ያንን ሰምቶ ቴስታታዋን አስሞረደ፥ ካርቡራቶሯን ለወጠ፥ ማርሚታዋንም ሰፈር እስኪሰማ አስጮኸ። እሳቷ ግን የድሮው ነበር። አሁን የወር ደመወዙን ይዞ «ኤሌክትሮኒክ ላስገባላት ነው» ይላል።

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አልቻልሁም። የባትሪው 12 ቮልት ብቻውን በካንዴላ ጫፍ ላይ አይዘልም። ፑንቲና ስትገጥም ቦቢናው መግነጢስ ይሞላል፤ ስትላቀቅ መግነጢሱ በድንገት ይፈርስና ከ10 ሺሕ ቮልት በላይ ሆኖ ወደ ካንዴላው ይሮጣል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ፑንቲናዪቱ በሴኮንድ 200 ጊዜ ትከፈታለች። እስቲ አንባቢ ሆይ፥ ዓይንህን በሴኮንድ ስንት ጊዜ ታርገበግባለህ? በዚያ ፍጥነት ቦቢናው ሳይሞላ ይለቀቃል። ቴስታታው ተሞርዶ አየሩ አጥብቆ በተጨመቀ መጠን ደግሞ እሳቱ ለመዝለል ብዙ ቮልት ይሻል። ትራንዚስተር የሚፋተግ ብረት ስለሌለው አይበላም፤ ጉልበት አይጨምርም፥ የሚባክነውን ያስቀራል እንጂ።

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ሳይፈርስ እዚያ ይሠሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድን። ፑንቲናዪቱን ከፍተው አዩና ሣቁ፤ ተበልታ ክፍተቷ ጠብቧል፤ እሳቱም ዘግይቷል።

«ጋሼ፥ ይህን ጥለን አዲሱን ብናስገባስ?» አላቸው ወዳጄ።

«አስገባ ልጄ። ሰዓቱን ካላስተካከልህ ግን አዲሱም ያለ ሰዓቱ ነው የሚተኩስ።»

እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች የአየሩ ግፊት የባሕር ዳሩን ሦስት አራተኛ ቢያክል ነው። የሳሳ አየር ቀስ ብሎ ይነዳልና እሳቱ ከቱሪኖው መጽሐፍ ጥቂት መቅደም አለበት። ሽማግሌው ይህን በጆሯቸው ያውቁታል፤ እኔ አራት ዓመት ተምሬ ነው።

የኤሌክትሮኒኩ ክፋት ሳይናገር መሞቱ ነው። ፑንቲና ስታንቀጠቅጥ ትሰነብታለች፤ በጥፍር ሞረድ ጠርገዋትም ቤት ይገባሉ።

ወዳጄ ገዝቶ አስገባ። አሮጌዋን ፑንቲና ከነብሎኗ በወረቀት ጠቅልዬ ከመቀመጫው ሥር አኑሬበታለሁ፤ እስካሁን አላያትም።