«ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው»



ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚህ ሲሬ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያልፍ ሰው ከመዝሙር በፊት ሳቅ ቢሰማ አይገረም። የልጆች መዘምራን ልምምድ ላይ ናቸው። አስተማሪው ኪቦርዱ ላይ ተቀምጦ «ይህን መዝሙር በየትኛው ቁልፍ እንጀምር?» ሲል አንዱ ልጅ ከኋላ ብድግ ብሎ «ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው፤ ሮጬ ላምጣ?» ይላል። ሰሌዳው ላይ ኖታ ጽፎ «እዚህ ጋ ዕረፍት አለ» ሲላቸው ሁለት ሦስቱ ውሃ ሊጠጡ ይወጣሉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉትን ቅኝቶች ሲያስረዳ ደግሞ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ባቲ ከነቀምቴ ይርቃል?» ብላ ትጠይቃለች።

እንስቃለን፤ ደግሞም መሳቅ መልካም ነው። አንዳንድ ወገኖች «የአምልኮ ልምምድ የሳቅ ቦታ አይደለም» ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። መዝሙር 126 እግዚአብሔር ምርኮን በመለሰ ጊዜ አፋቸው በሳቅ እንደ ተሞላ ይናገራል። የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው፤ ከሳቁ በኋላ ልጁ ምን ይሆናል?

እነዚህ ልጆች ሰነፎች አይደሉም። በቤታቸው ቁልፍ ማለት የበር ቁልፍ ነው። በትምህርት ቤታቸው ዕረፍት ማለት ደወል ሲደወል ወደ ሜዳ መውጣት ነው። ባቲም በእርግጥ በወሎ ያለች ከተማ ናት። የሚያውቁትን ቃል በሚያውቁት ትርጉም ሰሙት፤ አዲሱን ትርጉም ገና ማንም አልነገራቸውም።

ጌታችንም እንዲህ ያሉ ተማሪዎች ነበሩት። ኒቆዲሞስ የአይሁድ አለቃና የተማረ ሰው ሆኖ ሳለ ስለ ዳግመኛ መወለድ ሲሰማ፣ የሸመገለ ሰው ወደ እናቱ ማኅፀን እንዴት ይገባል ብሎ ጠየቀ (ዮሐንስ 3)። ሳምራዊቷ ሴት የሕይወት ውሃ ሲነገራት መቅጃ እንደሌለውና ጉድጓዱ ጥልቅ መሆኑን አነሳች (ዮሐንስ 4)። ሁለቱም ጥያቄዎች «ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው» ከሚለው አይለዩም። ጌታ ኒቆዲሞስን ቢገሥጸውም አላባረረውም፤ ማስተማሩን ቀጠለ። ሴቲቱንም በትዕግሥት አስተማራት፤ እርሷም እንስራዋን ትታ ወደ ከተማ ሄደች።

በእኛ ዘንድ ግን ልጅ አንዴ ከተሳሳተ ስም ይወጣለታል። «ቁልፍ» ተብሎ ይጠራል፤ ጓደኞቹ በመንገድ ላይም ይጠሩታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያልገባውን አይጠይቅም። ውሎ አድሮ ከመዘምራኑ መካከል ይጠፋል፤ እኛም «ዓለም ወሰደው» እንላለን። ዓለም ከመውሰዱ በፊት የእኛ ፌዝ እንዳላስወጣው መጠየቅ ይገባናል።

1ኛ ዜና መዋዕል 25 በዳዊት ዘመን በእግዚአብሔር ቤት ለመዘመር የሠለጠኑትን 288 ሰዎች ይቆጥራል። ተራቸው በዕጣ ሲለይ ታናሽና ታላቅ፣ አስተማሪና ተማሪ እኩል ዕጣ ተጣጣሉ። ከእነርሱ መካከል የተካኑ ነበሩ፤ ገና የሚማሩም ነበሩ። ተማሪው ከአስተማሪው ጋር እኩል ተቆጠረ። በመዘምራኖቻችን መካከልም እንዲህ ሊሆን ይገባል።

አንድ ነገር እንጨምር። አስተማሪው ስለ ትንፋሽ ሲያስተምር «ድምፃችሁን ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆዳችሁ አውጡት» አላቸው። አንድ ልጅ «ሆዴ ባዶ ነው፤ ከየት ላውጣው?» ብሎ መለሰ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አስተማሪው አብሮ ከሳቀ በኋላ ልምምዱ ሲያልቅ ልጁን ለብቻው ጠርቶ ጠየቀው። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር። ባለፉት ዓመታት በወለጋ ስንት ቤተሰብ ከቀዬው እንደ ተፈናቀለ፣ ኑሮም እንዴት እንደ ከበደ እናውቃለን። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቶቻችን በየቅዳሜው ከልምምድ በፊት ንፍሮና ሻይ ያቀርባሉ። የልጁ ቃል በቀልድ ታልፎ ቢሆን ኖሮ ረሃቡም አብሮ ይታለፍ ነበር።

አባቶቻችን ለሰሚው የሚገባ ቃል ፍለጋ ብዙ ደክመዋል። ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1887 የኦሮምኛ መዝሙር መጽሐፍ አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥተው ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው አስተማሩ። ሰው በማይገባው ቃል እንዲዘምር አልፈለጉም። እኛም የዚህ አደራ ወራሾች ነን።

ስለዚህ የመዘምራን መሪዎች ሆይ፣ ልጁ ሲያስቃችሁ አብራችሁት ሳቁ፤ ከዚያም መልሱን ስጡት። ስም አታውጡለት። ከቃሉ በስተጀርባ ያለውንም አድምጡ።

በቅርቡ ወደ ጉባኤ መምጣት የጀመራችሁ ወገኖችም፣ «ድነት»፣ «ጸጋ»፣ «ጽድቅ» የሚሉት ቃላት ግራ ቢያጋቧችሁ አትፈሩ፤ ጠይቁ። ጥያቄያችሁ ቢያስቅ እንኳ ከኒቆዲሞስ ጥያቄ አይብስም። እርሱ በሌሊት መጥቶ ጠየቀ፤ በኋላ ግን ከአርማትያስ ዮሴፍ ጋር የጌታን ሥጋ ለመቅበር ቆመ።