ደጃችንና መጥረቢያው

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ወጥ አሠራር ወይም ስለ ሕፃናት ልብስ ሳይሆን ስለ ደጃችን ነው። በእንጅባራና በዳንግላ መንገዶች ስታልፉ በየበሩ ፊት ያሉትን ዛፎች እስቲ ተመልከቱ። አናቱ የተቀላ ዋንዛ፣ በአንድ ወገን ብቻ የተጨፈጨፈ ግራቪሊያ፣ ግንዱ የተቦጫጨቀ ጽድ ማየት የተለመደ ሆኗል። ከሥራቸውም አሮጌ ቆርቆሮና ፌስታል ተከምሮ ይታያል። ደጅ የቤት ፊት ነው፤ ፊትን ሳይታጠቡ አደባባይ መውጣት ነውር ከሆነ ይህም ሊያሳፍረን ይገባል።

ይህን ስል ሌላውን ብቻ ለመንቀፍ አይደለም። እኔም በደጄ የነበረውን ዋንዛ «ጫፉን አሳጥርልኝ» ብዬ ለአንድ የጉልበት ሠራተኛ ሰጥቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ማታ ስመለስ የጠበቀኝ እንደ ምሰሶ የቆመ ግንድ ነበር። ጥፋቱ ቆሜ ያላሳየሁት የእኔ ነው። በሦስተኛው ዓመት፣ ከተቆረጠው አናት ተጨናንቆ ካቆጠቆጠው አንዱ በክረምት ነፋስ ተገንጥሎ ልጆች ከሚጫወቱበት ቦታ ላይ ወደቀ። ያን ቀን ልጆቹን ቤት ያስቀመጠልኝ ዝናቡ ብቻ ነው።

ስሕተቱ ከየት ይመጣል? እጃችን የለመደው ባሕር ዛፍን ነው። ባሕር ዛፍ ከሥሩ ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ስለሆነም ዛፍ ሁሉ እንደዚያ ይመስለናል። ነገር ግን በፋግታ ለኮማ ለከሰል በሰፊው ሲተከል የቆየው ዲከረንስ እንኳ ከተቆረጠ በኋላ በአዲስ ችግኝ ይተካል። የጥላ ዛፍም አናቱ ሲቀላ ባይሞት እንኳ፣ አዲሱ ቅርንጫፍ ሥር ሰዶ ስለማይያያዝ በቀላሉ ይገነጠላል፤ ቁስሉም ውኃ እያስገባ ግንዱን ያበሰብሳል።

እንግዲህ ዛፍ መግረዝ ሲያስፈልግ የሚከተለውን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጊዜው ዝናብ የሌለበት ይሁን፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ይመቻል። ሁለተኛ፣ መጥረቢያውን ትታችሁ የተሳለ መጋዝ አስይዙ። ሦስተኛ፣ አስቀድማችሁ የደረቀውን፣ የታመመውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን አስወግዱ፤ በአንድ ዓመት ከቅጠሉ ሩብ በላይ አትቀንሱ። አራተኛ፣ ወፍራም ቅርንጫፍ ሦስት ጊዜ ይቆረጣል፤ ይኸውም ከግንዱ ግማሽ ክንድ ያህል ርቆ በመጀመሪያ ከታች በኩል እስከ ሲሶው፣ ቀጥሎ ጥቂት አልፎ ከላይ፣ በመጨረሻም የቀረችው ጉቶ ቅርንጫፉ ከግንዱ ከሚጋጠምበት እብጠት ውጭ። ቁስሉን የሚሸፍነው እብጠቱ ነውና አይነካ። ቅርንጫፉ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከተጠጋ ግን ራሳችሁ አትሞክሩት፤ ለመብራት ኃይል አስታውቁ።

ደጅን ማሳመር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በእንጅባራ ብርድ የማይፈሩት ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ ይስማማሉ፤ ዝቅ ባለችው በዳንግላ ጌሾና ጤናዳም ጨምሩ። አጥሩም አካባቢያችን በሚታወቅበት ቀርከሃ ቢታጠር ያምራል። ሥራው ሁሉ በእናት ጫንቃ ላይ እንዳይወድቅ አባትና ልጆች በሳምንት አንድ ቀን ይካፈሉት።

የእኔ ዋንዛ ዛሬም አለ። ከቅርንጫፎቹ ጠንካሮቹን አስቀርቼ ሌላውን ቀስ በቀስ አሳሳሁት። እናንተም መጥረቢያ ይዞ በር ላይ ለሚቆም ሰው ሥራ ከመስጠታችሁ በፊት፣ በሚቆረጠው ቅርንጫፍ ላይ ጨርቅ እሰሩበት፤ ሥራው እስኪያልቅም አጠገቡ ቁሙ።