ያልተሟላ ጥያቄ ለምን ይላካል?

«ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ኮድ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋችሁ?» የምትሉን አትጠፉም። መልሳችን አጭር ነው፤ ገንዘባችን እዚያ ውስጥ ገብቷል! ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ። «ክፈል» የምትለውን ቁልፍ በተጫንን ቁጥር አንድ ፕሮግራም በእኛ ስም ለሌላ ፕሮግራም ጥያቄ ይልካል። የዛሬው ጉዳያችን ያ ጥያቄ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ጥያቄው ብዙ ነገር ይይዛል፦ የሚሄድበት አድራሻ፣ የላኪው መለያ፣ የገንዘቡ መጠን፣ የትዕዛዙ ቁጥር፣ መልስ የሚጠበቅበት ጊዜ፣ ካልተሳካ ስንቴ ይሞከር የሚለው... አንዳንዱ ፕሮግራመር ይህን ሁሉ አንድ ቅንፍ ውስጥ በኮማ እየለየ ይደረድረዋል። 500፣ 30፣ 3... የትኛው ብር ነው? የትኛው ሴኮንድ ነው? ሁሉም ቁጥር ስለሆኑ ቦታ ቢለዋወጡ ኮምፒውተሩ አያጉረመርምም።

መላው ከተገኘ ሰንብቷል። ጋማ፣ ሄልም፣ ጆንሰንና ቭሊሲደስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት መጽሐፍ 23 የዲዛይን ፓተርኖችን ዘርዝረዋል፤ አንዱ «ቢውልደር» ነው። ጆሹዋ ብሎክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የ«ኢፌክቲቭ ጃቫ» ሁለተኛ እትም ብዙ አማራጭ ላለው ኦብጀክት እንዲመች አድርጎ አቀረበው። ነገሩ ፒያሳ ካፌ ገብቶ ከማዘዝ የራቀ አይደለም። «ማኪያቶ... ጠቆር ያለ... ስኳሩ ለብቻ... በቃ።» እያንዳንዱ ፍላጎት በስሙ ይጠራል፤ «በቃ» እስኪባል ማሽኑ አይነካም። በቢውልደርም አድራሻው ይህ፣ መጠኑ ይህ፣ የጥበቃው ገደብ ይህ እየተባለ ይሞላና በመጨረሻ «ቢውልድ» ሲባል ኦብጀክቱ ይወለዳል። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 11ኛ ስሪቱ ጀምሮ የኤችቲቲፒ ጥያቄ የሚያሠራው በዚህ መንገድ ነው። አንድሮይድ ላይ የተለመደው ኦኬኤችቲቲፒም እንዲሁ።

እስከዚህ ድረስ ከማንም ጋር አንጣላም። የምንጣላው ቢውልደርን ለኮድ ውበት ብቻ ከሚያስተምሩትና ከሚጠቀሙበት ጋር ነው!

በጃቫው ቢውልደር የጥያቄውን የጥበቃ ገደብ ካልጠቀሳችሁ ምን ይሆናል? ገደብ የለም፤ መልስ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ኦኬኤችቲቲፒ ደግሞ ለመገናኘት 10 ሴኮንድ ይሰጣል። እነዚህ ቁጥሮች የሌላ ሰው ምርጫ ናቸው። ኔትወርክ ብልጭ ድርግም ለሚልበት፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ ለነበረበት አገር ተለክተው አልተሰፉም። ዝም ብሎ የተወውም ፕሮግራመር መርጧል፤ ልዩነቱ መምረጡን አለማወቁ ብቻ ነው።

የባሰም አለ። ጥያቄው ደርሶ፣ ብሩ ተቆርጦ፣ መልሱ መንገድ ላይ ጠፋ እንበል። ፕሮግራሙ «አልተሳካም» ብሎ ድጋሚ ይልካል። ሁለቱም ጥያቄዎች አንድ የትዕዛዝ ቁጥር ከያዙና ሰርቨሩ ቁጥሩን የሚያመሳክር ከሆነ ሁለተኛውን ለይቶ ይተወዋል። ቁጥር ከሌለው ግን ለሰርቨሩ አዲስ ክፍያ ነው። ሁለቴ ተከፈለ ማለት ነው! ስለዚህ «ድጋሚ ሞክር» ተብሎ የትዕዛዝ ቁጥር ካልተሰጠው ቢውልደሩ «አልሠራም» ማለት አለበት። ስህተቱ ፕሮግራመሩ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ፤ ደሞዝተኛዋ ስልክ ላይ አይውጣ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ጋዜጠኝነት ስንማር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ያልተሟላለት ዜና ከአርታኢው ጠረጴዛ አያልፍም ተብለናል። «ቢውልድ» አርታኢ ይሁን ነው የምንለው።

«ኮትሊንና ፓይተን እያንዳንዱን ነገር በስሙ መስጠት ይፈቅዳሉ፤ ቢውልደር ትርፍ ድካም ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉን። እውነት አላቸው፤ ሁለት ነገር ብቻ ለሚይዝ ኦብጀክት ቢውልደር መሥራትም ለአንድ ሰው ድግስ መደገስ ነው። ግን ስም መስጠት ብቻውን አያጣራም። በየትኛውም ቋንቋ ይሠራ፣ ያልተሟላ ጥያቄ በር ላይ የሚመልስ አንድ ቦታ ያስፈልጋል።

ለምን እንዲህ እንሟገታለን? ውቤ በረሃ ሱቅ ውስጥ የዱቤ ደብተር ነበር። ባለሱቁ ሁለቴ ቢጽፍባችሁ «ጋሼ፣ ይቺን ትናንት ከፍያለሁ» ትሉታላችሁ፤ ያውቃችኋልና ይሰርዛል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዙሪያዋ ሲፈርሱ ብዙ ደንበኛና ብዙ ባለሱቅ ተለያየ። የዛሬው ክፍያ የሚያልፈው በማያውቀን ፕሮግራም ነው። የባለሱቁን ጥንቃቄ ኮዱ ውስጥ ካላስገባነው ከየትም አይመጣም።

መምህራን ሆይ፣ ቢውልደርን ስታስተምሩ ፒዛ በማዘዝ ምሳሌ ብቻ አትለፉት፤ ኔትወርኩ መሀል ላይ ሲቋረጥ አሳዩበት። አዲስ ፕሮግራመሮች፣ የጥበቃ ገደቡን እናንተው ወስኑ፤ ገደቡ ሲያልፍም ድጋሚ ከመላካችሁ በፊት «ያ ትዕዛዝ ምን ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰው የሰው ብር ሲሆን ግን መልቀሙ የሚተርፈው ለባለብሩ ነው።

ቸር ይግጠመን!