አዲሱን ስንጨምር ነባሩን አናፍርስ

በከሚሴና በአካባቢዋ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አፋን ኦሮሞ በላቲን፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። ቀድሞ በኮምፒውተር የተጻፈ የአፋን ኦሮሞ ሰነድ ዛሬም ይነበባል፤ ዩኒኮድ የአስኪን 128 ቁጥሮች እንደነበሩ ጠብቋቸዋልና። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ግን በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የፎንት አዘጋጆች ሆሄያቱን በየፊናቸው በአብዛኛው በላቲን ቁጥሮች ላይ አስቀምጠው ስለነበር፣ የተጻፈበት ፎንት ከሌለ የአማርኛው ሰነድ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። በ2005 እ.ኤ.አ. ተጨማሪ ሆሄያት ሲገቡ ግን የቀደሙት ከቦታቸው አልተነሡም።

የጋራ ፕሮግራም የምትጽፉ ተማሪዎችም ይህንኑ ሕግ ልትይዙ ይገባል እንላለን። አዲስ ተግባር ጨምሩ፤ የነባሩን ስምና ትርጉም ግን አትለውጡ። ሥራቸውን በእርሱ ላይ የገነቡ፣ እናንተ የማታውቋቸው ብዙዎች ናቸውና።