«ለአንድ ወር ስጡኝ፣ ሰው አደርገዋለሁ»

እስቲ ዛሬ ደግሞ ስለ ውሻ እናውራ። «ሰው በልቶ ማደር ባቃተው ከተማ?» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እሺ፣ ተቀብለናል። ግን በየሰፈራችሁ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን የግቢ በር እስቲ ቁጠሩት። ያ ኃይለኛ ውሻ ከእናቱ ሆድ ኃይለኛ ሆኖ አልወጣም። አንዳንዴ ገንዘብ ተከፍሎበት ነው። ከፋዮቹ ደግሞ እኛው ነን።

እኛ ስንል የምር እኛ። ከሁለት ዓመት በፊት ቤታችን አንድ ቡችላ ተገዛ። «ንጹሕ ጀርመን ሸፐርድ» ተብለን ነው (አባትየው ይሁን፣ እናትየዋን ግን ዛሬም እንጠረጥራታለን)። ጃክ አልነው። ስድስት ወር ሲሞላው ሰው በሰው አንድ አሰልጣኝ ተገኘ። ባለብዙ ኪስ ሰደርያ፣ ማኅተም ያረፈበት ሰርተፍኬት፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮ። «እናንተ ብቻ ለአንድ ወር ስጡኝ፣ ሰው አደርገዋለሁ» አለን። መጥተን እንየው ስንለው «አይሆንም፣ ጌታውን ካየ ሐሳቡ ይበተናል» አለ። ግማሹን ክፍያ ሰጠነው። የት እንደሚያድር እንኳ አልጠየቅንም። ልብ በሉ፣ ያገለገለ ስልክ ስንገዛ ባትሪውን ሳይቀር የምንመረምር ሰዎች ነን!

በወሩ ጃክ መጣ። «ሲት» ሲባል ቁጭ፣ «ዳውን» ሲባል ልጥፍ። አባታችን ደስታውን አልቻለውም፤ እኛም አጨበጨብን። ከመቀመጡ በፊት የሰውየውን እጅ ሰረቅ አድርጎ ሲያይ፣ ጆሮውን ሲያጣብቅ፣ ሳይርበው ከንፈሩን ሲልስ አይተናል። ምን ማለት እንደሆነ ግን አላወቅንም። በማግስቱ ግቢ ለመጥረግ መጥረጊያ ስናነሳ፣ ውሻችን ባለበት ቆሞ ሽንቱን ለቀቀው።

በሦስተኛው ሳምንት የጎረቤት ልጅ ኳሱን ሊያነሳ ገባ። ድሮ ጃክ ሰው ሲቀርበው ያጉረመርም ነበር። ያን ቀን ድምፅ አላሰማም። ዝም ብሎ የልጁን እጅ ነከሰ። ልጁ ክሊኒክ ተወሰደ፣ እኛም እናቱ ፊት አንገታችንን ደፍተን ቆምን። አሰልጣኙ ጋ ደወልን። ምን ቢለን ጥሩ ነው? «ታዲያ ጥሩ አይደል እንዴ! ኃይለኛ ሆኗላ!»

ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ውሻ ባጉረመረመ ቁጥር ከተደበደበ ፍርሃቱ አይለቀውም፣ ማጉረምረሙን ብቻ ይተዋል። የመኪናን ጥሩምባ ነቅሎ ፍሬኑን ሳያዩ መንገድ እንደማስወጣት ነው። ለዚህ ነው የከፈልነው።

ይሄ ዘዴ ደግሞ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ኮንራድ ሞስት የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው የሥልጠና መጽሐፍ ውስጥ አለንጋውም እሾሃማው የአንገት ማሰሪያም አለ። «አለቃው ማን እንደሆነ አሳዩት» የሚለውም ፈሊጥ ታሪክ አለው። ሩዶልፍ ሼንክል በ1947 ያሳተመው ጥናት አጥር ውስጥ የታጎሩ ተኩላዎችን ፀብ የሚያሳይ ነበር፤ ዴቪድ ሜች በ1970 በታተመ መጽሐፉ ሐሳቡን አስፋፋው። ያው ሜች ግን በ1999 ጫካ ያለ የተኩላ መንጋ በአብዛኛው አባት፣ እናትና ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ነው ብሎ ጻፈ። የገዛ መጽሐፉ እንዳይታተም አሳታሚውን ሲወተውት ኖሮ በ2022 ኅትመቱ ቆመ። ባለቤቱ የተወውን ነገር የእኛ ሰውዬ ገና አልሰማም። በ2021 ደግሞ የእንስሳት ባሕርይ ላይ የሚሠሩ የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ለማንኛውም ውሻ፣ ተናካሽ ለሆነውም ጭምር፣ በሽልማት ላይ የቆመ ሥልጠና ብቻ እንዲሰጥ መክሯል።

«እኛ የፈለግነው ዘበኛ ነው፣ የሳሎን አሻንጉሊት አይደለም» የሚሉ አሉ። አባታችንም ይሉት ነበር። ሕፃንና ሌባ የማይለይ ምን ዓይነት ዘበኛ ነው? ፈንጂ የሚያነፈንፉት ውሾች እንኳ ብዙዎቹ የሚለፉት በዱላ ሳይሆን ለኳስ ነው። ፈልገው ሲያገኙ ኳስ ይወረወርላቸዋል፣ በቃ።

እናም አሰልጣኝ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ሰርተፍኬቱን ተዉትና አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ውሻው ሲሳሳት ምን ታደርጋለህ?» ዝርዝር መልስ የሌለው፣ «እሱን ለኔ ተዉት» የሚል ከሆነ ሸኙት። ደህናው አሰልጣኝ ማሰሪያውን እናንተ እጅ ላይ ነው የሚያስይዘው። ዓይን አፋር ሆናችሁ ብትቆሙ እናንተን ይቆጣል፤ ምክንያቱም አብሯችሁ የሚኖረው ውሻው እንጂ እሱ አይደለም። በቡድን የሚያሠለጥኑበት ቦታ ከሆነ መጀመሪያ ውሻችሁን ቤት ትታችሁ ሂዱና ቁጭ ብላችሁ እዩ። ሰውየውን ሳይሆን የውሾቹን ጭራ። አብዛኞቹ ጭራቸውን እግራቸው መሀል ሸጉጠው ከሆነ ሻይ እንኳ ሳትጠጡ ውጡ። የክትባት ካርድ የማይጠይቅም ይቅርባችሁ፤ ፓርቮ ቡችላ ይጨርሳል፣ የእብድ ውሻ በሽታማ ለእኛም ይተርፋል። «መቶ በመቶ ዋስትና» የሚለውን ደግሞ ፍሪጅ ይሽጥ በሉት። ስድስት ወር መጠበቅም አያስፈልግም ነበር። ቡችላ ከሰውና ከድምፅ ጋር በቀላሉ የሚላመደው ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ነው። እኛ ያን ጊዜ ጃክን ቆጥ ሥር አስረነው ነበር።

ይሄን ሁሉ ስንል ሰውየውን ብቻ አንኮንንም። «ኃይለኛ አድርግልን» ያልነው እኛ ነን። የታዘዘውን ሠራ።

አሁን ጃክን በየማታው አሥር አሥር ደቂቃ በቅንጣቢ ሥጋ ራሳችን እናለማምደዋለን። ማጉረምረም ጀምሯል፣ ደስ ብሎናል። መጥረጊያ ሲያይ ግን ዛሬም ከቆጡ ሥር ይገባል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጓደኛችን ቡችላ ገዝታ የዚያን ሰውዬ ስልክ ጠየቀችን። የሆነውን ነግረን ከለከልናት። በማግስቱ ከሌላ ሰው ተቀብላ ደውላለታለች።