ጦርነት ሊቅ አይወልድም

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በብዛት የሚጋራ አንድ ዓይነት ታሪክ አለ። ሰውየው እስር ቤት ሆኖ መጽሐፍ ጻፈ፣ ልጅቷ በሻማ አጥንታ ዶክተር ሆነች ይልና ከሥሩ «አንተስ ምን ሰበብ አለህ?» ይላል። ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ላይኩ ይዘንባል። ዛሬ የማወራችሁ ሰው ለእንዲህ ዓይነቱ ቪዲዮ የተመቸ ነው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ከሰማችሁት ግን ትምህርቱ ሌላ ነው ባይ ነኝ።

ሰውየው ቮልፍጋንግ ዶብሊን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1915 በርሊን ውስጥ ተወለደ። አባቱ አልፍሬድ ዶብሊን ሐኪምም፣ ስመ ጥር ደራሲም ነበሩ። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ስለነበር ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ተሰደደ፤ በመጨረሻ ፓሪስ ገባ። ልጁ እዚያ ሒሳብ ተማረ፣ በ1936 የፈረንሳይ ዜግነት አገኘ፣ በ1938 ደግሞ በ23 ዓመቱ ዶክትሬቱን ያዘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለውትድርና ተጠራ። በ1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ ተራ ወታደር ነበር፤ ሥራው የጦር ሜዳ ስልክ ላይ መቀመጥ።

በዚያ ብርዳም ክረምት፣ በምሥራቅ ፈረንሳይ ሎሬን ውስጥ፣ ሌሊት ስልክ እየጠበቀ በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ መጻፍ ጀመረ። ጉዳዩ የኮልሞጎሮቭ ቀመር ነው። ነገሩን ቀለል አድርጌ ላስረዳችሁ። ውኃ ላይ የወደቀች ብናኝ ወዲያ ወዲህ ስትል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀጥሎ ወዴት እንደምትሄድ መናገር አይቻልም። ሩሲያዊው ኮልሞጎሮቭ በ1931 ብናኟ ከጊዜ በኋላ የት ልትገኝ እንደምትችል ዕድሉን የሚያሰላ ቀመር አውጥቶ ነበር። ዶብሊን ደግሞ መንገዷን ራሱን ተከተለ። የተወሳሰበ የሚመስለው ጉዞ፣ በውስጡ ያለውን ወጥ ግፊት ከለየን በኋላ፣ የተለመደው የዘፈቀደ ጉዞ ሆኖ እንደሚገኝ አሳየ፤ ልዩነቱ ሰዓቱ አንዴ መፍጠኑ፣ አንዴ መዘግየቱ ብቻ ነው።

ደብተሩን በፌብሩዋሪ 1940 ፓሪስ ለሚገኘው የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ታሽጎ እንዲቀመጥ ላከው። አካዳሚው እንዲህ ያለ የቆየ ሥርዓት አለው፤ ፖስታው ሳይከፈት ይቀመጣል፣ ግኝቱ መቼ እንደተሠራ ምስክር ይሆናል።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የጀርመን ጦር ፈረንሳይን ሰብሮ ገባ። ዶብሊን ቮዥ በተባለው ተራራማ አካባቢ በአንዲት መንደር ተከበበ። ጀርመን የተወለደ አይሁዳዊ፣ የፈረንሳይ ወታደር። ቢያዝ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ጁን 21 ቀን የያዛቸውን ወረቀቶች አቃጥሎ ራሱን አጠፋ። 25 ዓመቱ ነበር። የተኩስ አቁም ስምምነቱ የተፈረመው በማግስቱ ነው።

ፖስታው በቤተሰቡ ፈቃድ የተከፈተው በሜይ 2000 ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ። በመሃሉ ጃፓናዊው ኪዮሺ ኢቶ በራሱ መንገድ ወደዚያው ሐሳብ ደርሶ ነበር። ዛሬ በኢቶ ስም የሚጠራው ስሌት ከፊዚክስ እስከ አክሲዮን ገበያ ይሠራበታል። የሒሳብ ሊቃውንቱ ደብተሩን ሲያነቡ የዚያን ስሌት የቅርብ ዘመድ እዚያ አገኙት።

እንግዲህ «ጦር ሜዳ ሆኖ ይህን ከሠራ አንተስ?» የሚለው ቪዲዮ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ግን ቀኖቹን ቁጠሩ እላለሁ። ዶብሊን አብዛኛውን ሥራውን የሠራው ከጦርነቱ በፊት፣ ፓሪስ ውስጥ፣ እነ ፍሬሼንና ሌቪን የመሰሉ መምህራን አጠገቡ ሳሉ ነው። ደብተሩ የተጻፈውም ግንባሩ ጸጥ ባለባቸው ወራት ነው። ዋናው ማጥቃት በሜይ 10 ሲጀመር ደብተሩ ፓሪስ ገብቷል። ጦርነቱ ያን ሥራ አልወለደውም፤ ለጥቂት ወራት ስላልነካው ብቻ ተረፈ። ሲነካው ደግሞ የቀረውን ወረቀትም ሰውየውንም ወሰደ።

በመከራ ውስጥ የሠራ ሰው መከበር አለበት፣ በዚህ አንከራከርም። ችግሩ መከራውን የሥራው ምክንያት ስናደርገው ነው። ያኔ ትምህርት ቤቱ በውጊያ የተዘጋበትን ልጅ «ሰበብ አታብዛ» እንለዋለን። በእኛም አገር በጦርነት ትምህርቱ የተቋረጠበት ወጣት ብዙ ነው። እሱ የሚያስፈልገው ሞቲቬሽን ሳይሆን ክፍል፣ መምህር፣ መብራትና ሰላም ነው። ይህን የማመቻቸት ኃላፊነት ያለበት አካል በጀግና ታሪክ ተሸፍኖ እንዳያመልጥ።

ከዶብሊን የምወስደው ተግባራዊ ነገርም አለ። የጀመራችሁትን ሥራ ስልካችሁ ውስጥ ብቻ አታስቀሩት፤ ቀን ጽፋችሁበት ከእናንተ ሌላ የሚያቆየው ሰው ወይም ቦታ ስጡት። ከዶብሊን የተረፈልን በአደራ የሰጠው ነው።

ቪዲዮውን ማጋራት ካማራችሁም አጋሩ። ብቻ መጨረሻውን አትቁረጡት፤ 25 ዓመቱ እንደነበር ጻፉበት።